ቺንጋ ንስሐ አይገባም

ዘቢደር ጠዋት ጠዋት፣ ወፍጮ ቤቱ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ግራ እጇን ጨብጣ የቺንጋውን ሽፋን ታንኳኳለች፤ ቺንጋ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው ድንጋይ የሚያደርስ የጎማ ቀበቶ ነው። የጎረቤት በር እንደምታንኳኳ ሁሉ ቀስ ብላ፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ነው። ሽፋኑ ከበርሜል ቆርቆሮና ከሽቦ ወንፊት የተበየደ ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጣት ደህና አድሯል ማለት ነው፤ ከተንቀጫቀጨ ግን አንዱ ብሎን ላልቷልና እሱ ሳይጠብቅ እህል አይገባም።

«ቤቶች!» ትላለች እያንኳኳች።

«ደጆች!» ይላታል እንዳለው የሚባለው ሠራተኛ ከሞተሩ ወዲያ። እንዳለው ወፍጮውን የሚያስነሣው ሰው ነው። የልጆች አባት ነው፤ ገና በማለዳው ቅንድቡ ላይ የትናንት ዱቄት አለ። «ግቢ እንጂ እታለም፣ ባለቤቱ ገና ከእንቅልፉ አልተነሣም።»

«ቁርስ ያምረው እንደሆነ ጠይቀው።»

«የአንቺን ጣት ከበላ ወዲህ ሆዱን ይቆርጠዋል አሉ።»

«እሰይ! ይቁረጠው።»

ይህን ቀልድ ሌላ ሰው ቢቀልደው ነውር ነው። እንዳለው ግን ያን ቀን ሮጦ ሞተሩን ያጠፋው፣ ክንዷን ከቺንጋው ያላቀቀው እሱ ስለሆነ ተፈቅዶለታል።

ከዚያ ወደ በሩ ትመለሳለች። ደባርቅ በጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከሊማሊሞ አፋፍ የሚነሣው ነፋስ ገበያውን አቋርጦ መጥቶ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ገብስ በስልቻ፣ ስንዴ በማዳበሪያ ይዘው የሚመጡት ሴቶች በነጠላቸው ላይ ጋቢ ደርበው ስለሚመጡ ከዓይናቸው በቀር የሚታይ የላቸውም። ዘቢደር አንድ በአንድ ትቀበላቸዋለች።

«አደግድጊ፣ የኔ እመቤት። ጋቢውን እዚያ ችንካር ላይ ስቀይው። ነጠላሽን ወገብሽ ላይ ጠበቅ፤ እንደሱ አይደለም፣ እንደ ቅዳሴ።»

ነጠላን አጣፍቶ ወገብ ላይ ማሰር ለእግዜር ቤትና ለትልቅ ሰው የሚደረግ ክብር ነው። ለወፍጮ አደግድጉ ያለ ሰው ከዘቢደር በፊት በአገሩ አልተሰማም። መጀመሪያ ሰሞን ሳቁባት። አሁንም የሚስቁ አሉ። ከሁሉም የማትተዋት ገበያነሽ ናት፤ ጌሾ ነጋዴ ናት፣ ጎረቤቷ ናት፣ ምላሷ ደግሞ በሞረድ የተሳለ ነው።

«ዛሬስ ማን ተሹሞ መጣ?» ትላለች ገበያነሽ፣ ነጠላዋን እያሰረች። «ደጃዝማች ወፍጮ! እጅ ልንሣ እንዴ?»

«እጅሽን እንዳይነሣሽ ነው እኔ የምጮኸው።»

«ደጃዝማች ሲቆጣ ያስር ነበር። ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ይሄ ሳይቆጣም ይጎትታል። እሰሪ፣ ወረፋውን አትዝጊብን።»

ሐዘንተኛ ስትመጣ ግን ዘቢደር ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ጫፉን ለቃ ነው የምትከናነበው፤ አደግድጊ ማለት ሐዘኗን መናቅ ይሆናል። ስለዚህ ባሕር ዛፉ ሥር ያለውን አግዳሚ ታሳያታለች። «እዚህ አረፍ በይ፣ እግዜር ያጽናሽ። እህሉን እኔ አስገብቼ፣ እኔው አስፈጭቼ አመጣልሻለሁ።» ይህን ወግ ያወጣችው ራሷ ናት። ለምን እንዳወጣችው የማያውቅ ሰው ደባርቅ ውስጥ የለም፤ ከሌላ አገር ለመጣ ግን መንገር ያስፈልጋል።

ዘቢደር የዳባት ልጅ ናት። ወደ ደባርቅ ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ እንደወጣ ቀረ። መጀመሪያ ጠበቀችው፤ ቀጥላ አለቀሰችለት፤ በመጨረሻ ገብስ መቁላት ጀመረች። ቆሎዋን ሳታሳርር ትቆላለች፣ አስፈጭታ በሶ ታደርጋለች፣ ጨውና በርበሬውን በልኩ ትጨምራለች። በሶው ስም አወጣ። ተራራ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ጓዝ ጭነው ወደ አምቢኮ የሚሻገሩት ባለበቅሎዎች ስንቅ የሚይዙት ከእሷ ነው። «የዘቢደር በሶ ከበቅሎው ቀድሞ ያደርሳል» ይሉ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ እንግዳ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ገበሬው ገዝቷት አልተቸገረችም።

በሶ ያለ ወፍጮ አይሆንም። የምታስፈጨው አቶ ገሠሠ ዘንድ ነበር። አቶ ገሠሠ ወፍጮውን ከአባታቸው የወረሱ፣ ስድሳን የዘለቁ፣ ሚዛን የማያጭበረብሩ፣ የደከመ ሲመጣ በነጻ የሚፈጩ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህ ታሪክ አጭር ይሆን ነበር።

አንድ ዓመት የዘቢደር እናት ዳባት ላይ አረፉ። የአርባው ተዝካር ሲቃረብ እህሉን ጭና ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች። ሐዘንተኛ ነበረችና ነጠላዋ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር፤ ጫፉም ወደ ታች ተለቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ቺንጋው ከሞተሩ እስከ ድንጋዩ ድረስ ራቁቱን ይሮጣል። ሴቶቹ ከግድግዳውና ከቺንጋው መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ነበር ወደ ድንጋዩ የሚያልፉት። ያን ያህል ዘመን ሲያልፉ ማንም አልተጎዳም፤ ስለዚህ የሚጎዳ ነገር መሆኑን ሁሉም ረስቶታል።

ዘቢደር ማዳበሪያዋን ልታነሣ ጎንበስ አለች። የነጠላው ጫፍ ቺንጋውን ነካው። ነጠላዬን ብላ በቀኝ እጇ ስትይዘው እጇ ነጠላውን ተከትሎ ሄደ።

ጎንደር ወስደው አሳከሟት። ስትመለስ ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ጎድሎ ነበር፤ የእጇ አንጓም አልዞር አለ። ጎረቤቱ መጥቶ አለቀሰ፤ ካለቀሰ በኋላ ደግሞ ምክንያት ፈለገ። «እናቷ ጠርታት ነበር፣ ማርያም ናት የመለሰቻት» አለ አንዱ። «ቀኗ ነው» አለ ሌላው። «ዓይን ነው፣ በሶዋ ስም አወጣ እኮ» አለች ገበያነሽ። ቺንጋው ነው ያለ አልነበረም።

የቅበላ ሰሞን አቶ ገሠሠ ከሽማግሌዎች ጋር ደጇ መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የተነሣ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ቆሙ። አጠገባቸው ቄስ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ ቄስ ገብረ ሚካኤል የአቶ ገሠሠም የዘቢደርም የነፍስ አባት ናቸው።

«ልጄ ዘቢደር» አሉ ቄሱ። «ጾም ሊገባ ነው። ቂም ይዞ ጾም የለም። ይህ ወንድምሽ ይቅር በይኝ እያለ ነው።»

«ድንጋዩ ከብዷቸዋል፤ ያውርዱት።»

«ይቅር ሳትይ አይወርድም።»

የአቶ ገሠሠ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያይዋታል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሯል።

«ይቅር ለእግዜር» አለች።

ድንጋዩ ወረደ፤ እልል ተባለ። አቶ ገሠሠ ነድተው ያመጡት በግ ግቢው ውስጥ ታሰረ። የሰውየው ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር፤ የሐሰት እንባ አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ እጇ ሲጠግግ ገብሷን ይዛ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። ሌላ ወፍጮ ሩቅ ነው፤ ደግሞስ ታርቀዋል። በሩ ላይ እንደደረሰች ቆመች። ቺንጋው እንደ ድሮው ራቁቱን ይሮጣል። አዲስ ነገር ቢኖር ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕልና ከሥሩ በከሰል የተጻፈው «አትጠጉ» የሚለው ነው። ጽሑፉ ከቺንጋው ጀርባ ስለሆነ ለማንበብ የግድ መጠጋት ያስፈልግ ነበር።

«ጋሼ ገሠሠ፣ ይሄ ነገር አይሸፈንም?»

«የቱ ልጄ?»

«ቺንጋው።»

«ጠበል አስረጭቼዋለሁ እኮ። ሥዕሉንም አየሽው አይደል?»

«ጠበሉም ደግ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል። ቆርቆሮም ይጨምሩበት።»

አቶ ገሠሠ ሳቁ። «ቺንጋ ሲሸፈን ይግላል፤ ሲግል ይበጠሳል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስፈጭ ሸፍኖት አያውቅም። ደግሞስ አንቺና እኔ ታርቀናል። ድንጋይ ተሸከምኩ፣ አስወረድሽልኝ። አሁን ምን ቀረ?»

«እኛማ ታርቀናል። እሱ መቼ ታረቀኝ?» አለች፣ በጎደለው እጇ ወደ ቺንጋው እያመለከተች።

ይህን ስትል አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በመተላለፊያው አለፈች። የአንቀልባው ማሰሪያ ከኋላዋ ይወዛወዝ ነበር። ቺንጋው አጠገብ ሲደርስ የቺንጋው ነፋስ ወደ ራሱ ሳበው፤ ሳይነካው ለጥቂት አለፈች። ሴትዮዋ አላየችም። አቶ ገሠሠም አላዩም። ዘቢደር ግን አየች፤ ማዳበሪያዋ ላይ ተቀመጠች። ገብሷን ሳታስፈጭ ተሸክማ ተመለሰች።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ለድሀ በነጻ የሕግ ምክር የምትሰጥ ትሕትና የምትባል ወጣት ነበረች። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ ባለጉዳዩ ብዙ ነው። ዘቢደር ወረፋ ጠብቃ ገባችና ነገሩን ሁሉ ከበሶው ጀምራ ነገረቻት።

«እትዬ ዘቢደር» አለች ትሕትና። «ሕጉ ምን ይላል መሰለዎት? ማሽን ያለው ሰው ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይጠየቃል።»

«ሰውየው ክፉ አይደሉም።»

«ክፉ መሆን የለባቸውም እኮ።»

«ይቅር ብያቸዋለሁ ደግሞ። በሰው ፊት፣ በቄስ ፊት።»

ትሕትና እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «ወረቀት ፈርመዋል? ካሳ ተቀብያለሁ፣ መብቴን ትቻለሁ ብለው?»

«የምን ወረቀት? ድንጋዩን ነው ያወረዱት።»

«እንግዲያስ መክሰስ ይችላሉ። ግን አልዋሽዎትም፤ ይቅር ብላለች ብለው መከራከሪያ ያደርጉታል። ዳኛው ምን እንደሚሉ አላውቅም። ደግሞ ጊዜ አለው፤ ከዘገየ ይታገዳል።»

«ከተረታሁስ?»

«ከተረቱ እጅዎም ሳይካስ፣ ቺንጋውም ሳይሸፈን ይቀራል።»

ዘቢደር አሰበች። ባለበቅሎዎቹ ስንቅ ይጠብቃሉ፤ በግራ እጅ ገብስ መቁላት ገና አልለመደችውም። ከዚያ ደግሞ ያ የአንቀልባ ማሰሪያ ዓይኗ ላይ ይወዛወዛል።

«ጻፊልኝ» አለች።

ክሱ በተሰማ ማግስት ደባርቅ ጀርባዋን ሰጠቻት። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም አጠገቧ የሚቆም ጠፋ። «ይቅር ብላ ከሳሽ!» የሚለው ከአጥር አጥር ዘለለ። ገበያነሽ ደግሞ መንገድ ላይ አስቁማ፣ ሰው እየሰማ፣ «አንቺ ሆዬ፣ እግዜርም ይቅር ያለንን ሁሉ ነገ ክስ ሊመሠርትብን ነው እንዴ? ንገሪን፣ ከአሁኑ ጠበቃ እንያዝ!» አለቻት። ሰዉ ሳቀ። በሶ የሚገዛትም ቀነሰ። ባለበቅሎዎቹ ብቻ፣ የሰፈሩን ሐሜት የሚሰሙት ከተራራ ሲመለሱ ስለሆነ፣ መግዛታቸውን አልተዉም።

ከሁሉ ያስጨነቃት ግን የነፍስ አባቷ ነገር ነበር። አቶ ገሠሠ ቄስ ገብረ ሚካኤልን ለምስክርነት ቆጥረዋቸዋል። ዘቢደር ሄዳ መስቀል ተሳለመችና፣ «አባቴ፣ ኃጢአት ሠራሁ?» ብላ ጠየቀች። ቄሱም «እስቲ ላስብበት ልጄ» አሏት።

የቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞላ። ገበያ የቆመ እስኪመስል ሰው መጣ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ድንጋዩን፣ እልልታውን፣ በጉን መሰከሩ። «ይቅር ለእግዜር ብላለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ ሁሉም። አቶ ገሠሠ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያደምጣሉ። በእሳቸው ልብ ይህ ሴትዮዋን መበደል አልነበረም፤ የታሰረ ነገር ለምን ይፈታል ነው።

መጨረሻ ላይ ቄስ ገብረ ሚካኤል ገቡ። ዳኛው ወንበር እንዲሰጣቸው አዘዙ።

«አባታችን፣ ከሳሽ ተከሳሽን ይቅር ብላለች?»

«ብላለች።»

ችሎቱ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። ዘቢደር አንገቷን ደፋች። ትሕትናም ወረቀቷን ማየት ጀመረች።

«ስለ ካሳ ተነሥቶ ነበር?» አሉ ዳኛው።

«አልተነሣም።»

«ስለ ወፍጮው?»

«እሱም አልተነሣም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያስታረቅሁ እኔ ነኝና ማንሣት ነበረብኝ። ጾም ሊገባ ስለሆነ ቸኮልኩ።» ቄሱ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «ጌታዬ፣ ኃጢአት ሠራሁ ወይ ብላ ከጠየቀችኝ ቀን ጀምሮ ሳስብበት ነበር። ይህች ልጅ ይቅር ያለችው ሰውን ነው። ሰው ይበድላል፣ ሰው ይጸጸታል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ ይፈታል። ቺንጋ ግን አይጸጸትም። ቺንጋ ንስሐ አይገባም። እሱን ሊፈታው የሚችል ቄስ የለም። ለእሱ የሚበጀው ክዳን ነው።»

ዳኛው ፊታቸውን በወረቀት ሸፈኑ። የሰዉ ሳቅ ግን አመለጠ፤ አቶ ገሠሠ ራሳቸው ሳቁና አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነገረ። ይቅርታው የነፍስ ነገር ሆኖ ይቆይ፣ ካሳው ግን አልተተወም፤ አቶ ገሠሠ ለደረሰው ጉዳት በየወሩ እንዲከፍሉ፣ ወፍጮውም ሳይሸፈን እንዳይሠራ ተባለ። ዳኛው ወደ አቶ ገሠሠ ዞረው ለመሸፈን ምን ያህል ጊዜ ይበቃዎታል አሏቸው።

«እንግዲህ በያጅ ማነጋገር ነው፣ በርሜል መፈለግ ነው...»

«በያጁን አነጋግሬዋለሁ» አለች ዘቢደር ብድግ ብላ። «በርሜሉም እኔ ቤት ነው ያለው፤ ተንከባሎ መምጣት ብቻ ነው የቀረው።»

«ቀደመችኝ!» አሉ አቶ ገሠሠ። በዚያች ቃል ውስጥ ቁጣም ነበረ፣ ትንሽ አድናቆትም ነበረ።

ሽፋኑ ተሠርቶ ተገጠመ። በመጀመሪያው ቀን ቺንጋው እውነትም ጋለ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። አቶ ገሠሠ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «አላልኩም? አላልኩም?» እያሉ ግቢውን ዞሩት። በያጁ መጣ፤ ጎኑን ቆርጦ አወጣና በቆርቆሮው ፋንታ የሽቦ ወንፊት በየደበት። ቺንጋው አየር አገኘ፤ ነጠላ ግን አያገኝም። ከዚያ ወዲያ አልጋለም። አቶ ገሠሠ ሽፋኑን ዳስሰው፣ «እንግዲህ አባቴ ይህን ቢያይ...» አሉና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

ሥራውን የሰጧትም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ገብሷን ይዛ ስትመጣ ሁለት ሴቶች ለወረፋ ሲጋፉ፣ አንዷ ሽፋኑ ላይ ልትወጣ ስትል አየቻት። ዘቢደር ከበሩ ሆና ጮኸች። ወፍጮው ጩኸቷን አልዋጠውም፤ ሁለቱም ባሉበት ደረቁ።

«አንቺ በሩ ላይ ብትቆሚስ?» አሏት አቶ ገሠሠ። «ሰዉ ከቺንጋው ይልቅ አንቺን ይፈራል። በነጻ አይደለም፤ ካሳው ካሳ ነው፣ ይህ ደመወዝ ነው።»

«በሶዬን በነጻ አስፈጫለሁ?»

«ኧረ በሚካኤል! ደመወዝም በሶም?»

«በሶም።»

«ይሁን እሺ፣ ከአንቺ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም» አሏት።

እንዲህ ሆኖ ነው ዘቢደር በር ላይ የቆመችው። ሥራው ተስማምቷታል። ረፋዱ ላይ፣ ወረፋው ቀለል ሲል፣ ባሕር ዛፉ ሥር ከሐዘንተኞቹ ጋር ትቀመጣለች፤ ስለ ሟች ትጠይቃለች፤ አንዳንዴም ታስቃቸዋለች። ከውስጥ የወፍጮው ድምፅ እንደ ሩቅ ውኃ ይመጣል። የራሷ ገብስ ሲፈጭ ግን ከሽታው ታውቀዋለች፤ የተቆላ ገብስ ትኩስ ዱቄት ሽታ ከመሶብ አጠገብ እንዳለች ያስመስላታል። በግራ እጅ መቁላትም ለምዳለች። ባለበቅሎዎቹ «አሁንስ ግራው ቀኙን ያስንቃል» ሲሏት፣ «የቀኙን ጣዕም ረስታችሁት ነው እንጂ» ትላለች።

ከዚህ ሥራ ያተረፈችው አንድ ጠባይ አለ፤ ነገር ሁሉ ትነቀንቃለች። ገበያ ወጥታ የጋዝ ምድጃ ስታይ እግሩን ትነቀንቃለች፤ ቀዳዳውን አሽትታ ትመልሳለች። ኮረንቲ የሚያፈስ ሶኬት ያለበት ቤት ሻይ አትጠጣም። ወደ ድብ ባሕር በሚሄደው አውቶቡስ ስትሳፈር ደግሞ መጀመሪያ በሩን ነው የምትነቀንቀው። አንድ ቀን ረዳቱ፣ «እናቴ፣ መኪናውን ልትገዢው ነው?» ቢላት፣ «በነጻ ብትሰጠኝም አልወስደው፤ በርህ በአንድ ማጠፊያ ነው የተንጠለጠለው» አለችው። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና ሹፌሩን ጠራ። ገበያነሽ ይህን ሰምታ፣ «ወደ ሰማይ ስትሄድም የገነትን በር ትነቀንቂያለሽ አንቺ» ብላታለች። ይሁን እንጂ ገበያነሽ ራሷ ባለፈው ሰሞን ምድጃ ስትገዛ ዘቢደርን አስከትላ ነበር የሄደችው።

ዳባት ላይ ያለ አንድ ባለ ወፍጮም ሰው ልኮ ሽፋኑን አስለክቶ ሄዷል። ሰውየው በሜትር ሲለካ ዘቢደር አጠገቡ ቆማ፣ «ጎኑን ወንፊት አድርጉት፣ እንደኛ እንዳትጨሱ» አለችው። ደስ ብሏታል። እንደ እሷ ነጠላዋን ለቃ ወፍጮ የምትገባ የዳባት ሐዘንተኛ ትኖራለችና።

የዘቢደር ነገር እዚህ ላይ ቢያልቅ እሷ ትወድ ነበር። ይህን ሁሉ አውሪው ብላኛለች፤ አንድ ነገር ግን ሳይወራ ይቅር ብላ ለምናኛለች። «ቄስ ገብረ ሚካኤል በችሎት የመሰከሩልኝ ሐሰት ይመስላል» ነው ምክንያቷ።

በዚያ በቅበላ ሰሞን፣ አቶ ገሠሠ ድንጋይ ተሸክመው ደጇ ሲቆሙ፣ «ይቅር ለእግዜር» ያለችው አፏ ነበር። የሽማግሌ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ማየት አልቻለችም፤ ሰዉም አጥሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ስለዚህ አለች። ልቧ ግን አላለም። በችሎት «ብላለች» ሲባል አንገቷን የደፋችው ለዚህ ነው፤ ሰው ሁሉ ጨዋነት መሰለው። ካሳው ተፈርዶ፣ ሽፋኑ ተገጥሞ፣ ደመወዟን እየተቀበለችም ልቧ እንደዚያው ነበር። ለአቶ ገሠሠ ደህና አደሩ ትላለች፣ በሥራቸው ትደክማለች፣ ግን አቶ ገሠሠ ዱቄቱ ውስጥ ቆመው ሲያነጥሱ፣ የሰውየው ማነጠስ ደግሞ ቤት የሚያናውጥ ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ «ይማርዎት!» ሲል እሷ ፊቷን ወደ ማዳበሪያዎቹ ታዞራለች። ትንሽ ነገር ናት፤ ማንም አላስተዋላትም ብላ ታስብ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት ዝናቡ ሴቶቹን ከቤት አስቀርቶ ነበር። እንዳለው ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን ይፈትሻል። አቶ ገሠሠ ሽፋኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በጨርቅ ዱቄቱን ሲጠርጉ አየቻቸው። ጠርገው ሲጨርሱ በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ አነጠሱ።

«ይማርዎት» አለች ዘቢደር። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

አቶ ገሠሠ ጨርቁን እንደያዙ ቀና አሉ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠብቁ ኖረዋል። ዱቄት ያረፈበትን ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«ያኑርሽ፣ ልጄ» አሏት።